«ኮከባችን አልገጠመም» ሲባል የትኛው ኮከብ ነው?

አክስቴና ጎረቤቷ ሰላም አይባባሉም። አጥር ይጋራሉ፣ እድር ይጋራሉ፣ ሰላምታ ግን የለም። አንድ ቀን ቡና ላይ «እትዬ፣ ለመሆኑ ምን አድርጋሽ ነው?» አልኳት። ስኒዋን አስቀመጠች። «ምንም አላደረገችኝም። ክፉ ሴትም አይደለችም። ብቻ ኮከባችን አልገጠመም» አለች። ወሬው በዚያው ተዘጋ፣ ቶናው ተቀዳ።

ይህን አነጋገር የምወደው ለዚህ ነው። ጠብ አለ፣ ጥፋተኛ ግን የለም። አለቃና ሠራተኛ፣ አከራይና ተከራይ፣ አማትና ምራት ሁሉ ይጠቀሙበታል። «ጨቅጫቃ ናት» ከማለት «ኮከባችን አይገጥምም» ማለት ይሻላል፤ ነገ ለመታረቅ ቢታሰብ በሩ አልተዘጋም። ለጋብቻ የመጡ ሽማግሌዎችን በጨዋ ደንብ ለመመለስም ይረዳል። ልጁ ይጠጣል ቢባል ቤተሰቡ ይቀየማል። ኮከባቸው አልገጠመም ሲባል ግን ማን ይከራከራል? ኮከብ አይሞገትም። ሲቀናም ያው ነው፤ «ገና እንዳየኋት ኮከባችን ገጠመ» ያለ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም።

ቃሉ ራሱ ደስ ይላል። አናጢ በሩን ከመቃኑ ይገጥማል። ወጌሻ የወለቀ አጥንት ይገጥማል። ገጣሚ ስንኝ ይገጥማል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ መስማማት ነው። እሑድ ሁለት ቡድኖች ሲገጥሙ ግን መፋለማቸው ነው። ስለዚህ «ገጠሙ» ሲባል ተስማሙ ነው ወይስ ተያያዙ? አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ግሥ ይዞታል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ወደ ኮከቡ። አነጋገሩ የወጣው ከጋብቻ ሒሳብ ነው። ድሮ (አሁንም ቢሆን በድብቅ) ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ኮከባቸው ይታይ ነበር። «ይታይ ነበር» ስል ማታ ወጥቶ ሰማይ ያየ የለም። ደብተራው ዐውደ ነገሥቱን ይገልጣል። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ፊደል ይቆጥራል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ድምሩን በ12 ይገድፋል፣ 12 12 እያለ ይቀንሳል ማለት ነው። የቀረው ቁጥር ኮከቡን ይነግራል፦ 1 ከቀረ ሐመል፣ 2 ከቀረ ሠውር፣ 3 ከቀረ ገውዝ እያለ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት ላይ ይደርሳል። ከዚያ የባሕርይ ነገር ይመጣል። አሰድ እሳት ነው፣ ዐቅራብ ውሃ ነው። እሳትና ውሃ አንድ ጎጆ ውስጥ ምን ይሆናሉ? አልገጠመም ማለት ይኸው ነው።

«ኮከብ ቆጠራ» የሚለው ስም የሚገርመኝም ለዚህ ነው። የሚቆጠረው ፊደል እንጂ ኮከብ አይደለም። የፈረንጁ ሆሮስኮፕ የልደት ቀን ይጠይቃል፤ የእኛው ስም ብቻ ይበቃዋል። ልደታችንን በትክክል የማናውቅ ብዙ ስለነበርን ይሆን? ብቻ የቤት ስሙንና የክርስትና ስሙን ለየብቻ ያስቆጠረ ሰው ሁለት ኮከብ ይዞ ሊመለስ ይችላል። የሚሻለውን ይመርጣል እንግዲህ። ቤተ ክርስቲያን ነገሩን ትቃወማለች፤ አነጋገሩ ግን ከመቃወሚያውም ከመጽሐፉም ተላቆ በራሱ ይኖራል። ዛሬ «ኮከባችን አልገጠመም» የሚል ሰው ዐውደ ነገሥት አይቶ ላያውቅ ይችላል።

ስሞቹ ግን ከእውነተኛው ሰማይ የመጡ ናቸው። ባቢሎናውያን የፀሐይን መንገድ ለ12 ከፈሉት፣ ግሪኮች ተረት ጨመሩበት፣ ዐረቦች ወረሱት፣ ከዐረብኛው ወደ እኛ ገባ። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ሐመል በግ፣ አሰድ አንበሳ፣ ዐቅራብ ጊንጥ፣ ሑት ዓሣ መሆኑን ወዲያው ይለያል።

እኔ በወር አንዴ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሰሞን፣ ከከተማ ወጣ ብዬ ሰማይ አያለሁ። ቴሌስኮፕ የለኝም። ጋቢና ቴርሞስ አለኝ። ሐምሌና ነሐሴ ዕረፍት ነው፣ ደመናው አያስወጣም። ሩቅ መሄድ ያቃተው ሰው ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ይውጣ፤ ከሻማ ፍለጋ የተሻለ ሥራ ነው። እንዲህ ሳይ ነው የወረቀቱ ሳይሆን የሰማዩ ኮከቦች እንዴት እንደሚገጥሙና እንደማይገጥሙ ያወቅሁት።

በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወጥታችሁ ቀና በሉ። አናታችሁ ላይ ለማለት ትንሽ የቀረው፣ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር የተደረደሩበት ኦሪዮን ነው። ሦስቱ ቀበቶው ናቸው። መጽሐፈ ኢዮብ ላይ ስሙ ተጠርቷል። ከቀበቶው ወደ ሰሜን ያለው ቀላ ያለ ኮከብ ቤቴልጅዩስ ይባላል። ስሙ ፈረንጅኛ ቢመስልም ከዐረብኛው «የድ አል ጀውዛ» የመጣ ነው፤ የጀውዛ እጅ ማለት ነው። «የድ» ያው የግእዙ «እድ» ነው። ገልባጮች የነጥብ ስህተት ሠርተው «የ»ን «በ» አድርገዋት እንዲህ ቀረ። ጀውዛ ደግሞ የእኛው ገውዝ ነው። ዐረቦች ስሙን ለኦሪዮንም፣ መንትዮቹ ለሚባሉት ጎረቤቶቹ ኮከቦችም ይሉት ነበር። ዐውደ ነገሥት ላይ ገውዝ የወጣለት ሰው እንግዲህ የስሙን ቅጂ ሰማይ ላይ ማየት ይችላል።

ግሪኮች እንደሚሉት ኦሪዮን ግዙፍ አዳኝ ነበር። አንድ ቀን «በምድር ላይ ያለውን አውሬ ሁሉ እገድላለሁ» ብሎ ፎከረ። ምድር ራሷ፣ ጋያ የሚሏት፣ ተቆጣች። አንበሳ አልላከችበትም፣ ዝሆን አልላከችበትም። ጊንጥ ላከች። ገጠሙ። ጊንጡ ነደፈው፣ ሞተ። ተረቱ ሌላም ሌላም መልክ አለው፤ አርጤምስ ናት የላከችው የሚልም አለ። መጨረሻው ላይ ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ፦ ሁለቱም ሰማይ ላይ ወጡ፣ ግን ዳግም እንዳይገናኙ ራቅ ራቅ ተደርገው ተቀመጡ። ኦሪዮን በምዕራብ ሲገባ ዐቅራብ በምሥራቅ ይወጣል። አንዱ ካለ ሌላው የለም። አንዴ ገጥመው ነበርና ከዚያ ወዲህ አልገጠሙም። ይህን በአማርኛ ካልሆነ በስንት ቋንቋ እንዲህ ማለት ይቻላል?

የገጠመ ኮከብም አለ፣ የእኛም ስም ያለበት። ኅዳር ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ወደ ሰሜን ዙሩ። «ኤም» የሚባለውን የፈረንጅ ፊደል የሚመስሉ አምስት ኮከቦች ካሲዮፕያ ናቸው። በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፣ የንጉሥ ኬፌዎስ ሚስት። የግሪኮቹ «አይቲዮጵያ» ከግብፅ በታች ያለ ጥቁር ሕዝብ ሀገር ሁሉ ነው፤ ካርታ ላይ የዛሬዋን ኢትዮጵያ መፈለግ አይገባም። ታሪኩን ያፋ ወደብ ላይ ያደረጉትም አሉ፤ እስራኤል ያላችሁ ዘመዶች እዚያ የአንድሮሜዳ ዐለት ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል።

ንግሥቲቱ በውበቷ ከባሕር ልጃገረዶች እበልጣለሁ አለች። የባሕሩ አምላክ ፖሴይዶን አውሬ ላከ። መፍትሔው ልጇን አንድሮሜዳን ዐለት ላይ አስሮ ለአውሬው መስጠት ነው ተባለ። እናት ፎከረች፣ ልጅ ታሰረች። ፐርሲየስ የሚባል ጎበዝ በዚያ ሲያልፍ አያት። አውሬውን ገደለ፣ አገባት። ልጅቷ ቀድሞ ለሌላ ታጭታ ስለነበር ሰርጉ ላይ ትልቅ ጠብ ተነሥቷል። ሰርግ ያለ ጠብ የት አለ! ካሲዮፕያ ቅጣቷ ዙፋኗ ላይ ሆና በሰሜን ዋልታ ዙሪያ መዞር ነው፤ ግሪክ ላይ አንዳንዴ ቁልቁል ተዘቅዝቃ ትታያለች። ከአዲስ አበባ ግን ዋልታው ዝቅ ያለ ስለሆነ ዙፋኑ ሳይገለበጥ በፊት ትጠልቃለች። ውርደቷን ከእኛ ሸሽጋለች።

አንድሮሜዳና ፐርሲየስ ሰማይ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይዞራሉ። ከዚህ በላይ የገጠመ ኮከብ አላየሁም። በ2019 በፈረንጆች ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየሀገሩ አንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰየም ዕድል ሲሰጥ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ ያለው አንድሮሜዳ ውስጥ ነው። ስሙ ቡና ተባለ። የሚዞረው ፕላኔት አቦል ተባለ። ደግሞ ቡና ያለው ከፐርሲየስ ድንበር ጥግ ነው። ባልና ሚስቱ መሃል ቡና ተፈልቷል ማለት ነው! በባዶ ዓይን አይታይም፣ ጥሩ ባይኖኩላር ይፈልጋል። ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ 200 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። አቦል አንዴ ለመዞር ወደ 990 ቀን ይወስድበታል፤ ቶናው እንግዲህ ቆይቶ ነው የሚመጣው።

ወደ ኦሪዮንና ዐቅራብ ልመለስ፣ ያልተናገርኩት ነገር አለ። አይገናኙም የሚለው ተረት የተተረተው ግሪክ ሆኖ ነው። ግሪክ ሰሜን ናት፤ ከዚያ ሲታይ ጊንጡ ዝቅ ብሎ፣ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። እኛ ወደ ምድር ወገብ እንቀርባለን። ለእኛ ጊንጡ ቀደም ይላል። ስለዚህ የኦሪዮን ቀይ ኮከብ ቤቴልጅዩስ ሳይጠልቅ የጊንጡ ቀይ ልብ አንታሬስ ብቅ ይላል። አንድ ሰዓት ያህል ሁለቱም አሉ። ለዚህ ግን ግልጥ አድማስ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ምዕራቡን ወጨጫ፣ ደቡብ ምሥራቁን የረር ይጋርዱታል።

ስለዚህ በሚያዝያ መጨረሻ ባቱ ወረድኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ሐይቁ ዳር ቆሜ ነበር። ከውሃው በላይ በደቡብ ምሥራቅ አንድ ቀይ፣ ከጀርባዬ በምዕራብ አንድ ቀይ። ሁለቱም ከመሬት ብዙ አልራቁም። አንገቴ እስኪያመኝ ወዲያና ወዲህ ዞርኩ። ለአክስቴ ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ፉከራውን፣ ጊንጡን፣ ግሪክ ላይ እምብዛም እንደማይተያዩ፣ እዚህ ግን አሁን ፊት ለፊት መሆናቸውን።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ተነጋገሩ?» አለችኝ።