አሮጌ ፒካፕ ላይ ሞተር ከመቀየራችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሻንሲው ጠንካራ፣ ጋቢናው ደህና፣ ሞተሩ ግን የደከመ ፒካፕ ያለው ሰው አንድ ቀን «ሌላ ሞተር ብጭንበትስ?» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጭቃና አቀበት ላይ የሚውል መኪና ልኩ የሆነ ሞተር ካገኘ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ችግሩ ብዙ ሰው እቅዱን ከሞተሩ መጀመሩ ነው። መጀመር ያለበት መኪናው ከሚሠራው ሥራ ነው። ደጋግመው የሚነሱትን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«የፈረስ ጉልበት ሲጨምር መኪናው የትም ይወጣል»

ትልቁ የፈረስ ጉልበት ቁጥር የሚገኘው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ነው። ድንጋይ ለድንጋይ ቀስ ብሎ የሚወጣ መኪና እዚያ ዙር ላይ አይደርስም። እሱ የሚፈልገው በዝቅተኛ ዙር የሚገኝ ቶርክ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይል ነው። ይህን ኃይል ደግሞ የሚያባዙት ማርሾቹ ናቸው።

22አርኢ የተባለ የቤንዚን ሞተር ያለውን የድሮውን ቶዮታ ፒካፕ እንውሰድ። አንደኛ ማርሹ 3.95፣ ሪዶታው (ለአስቸጋሪ መንገድ የሚገባው ተጨማሪ ቀርፋፋ ማርሽ) 2.28፣ ዲፈረንሻሉ (አክስሉ ላይ ያለው ማርሽ) 4.10 የሆነውን። ሦስቱ ሲባዙ 37 ገደማ ይመጣል። ሞተሩ 37 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ሪዶታውን ብቻ ለዚሁ መኪና በሚሠራው ባለ 4.7 ማርሽ ብትቀይሩት ቁጥሩ 76 ይሆናል። ሞተሩ ሳይነካ ጎማ ላይ የሚደርሰው ኃይል እጥፍ ሆነ! ስለዚህ የሚያስቸግራችሁ ቋጥኝ ከሆነ መፍትሔው ሞተር ላይሆን ይችላል። አስፋልት ላይ ጭነት ይዞ ዳገት ሲያቅተው ከሆነ ግን፣ አዎ፣ ጉዳዩ የሞተር ነው።

«ኮፈኑ ከተዘጋ ገባ ማለት ነው»

ብዙ ቅየራ የሚሰናከለው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው፣ ከፊት ዲፈረንሻል ጋር ይጋጫል። ድፍን የፊት አክስል ያለው መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል። መኪናው ቆሞ ሲታይ ክፍተቱ በቂ ይመስላል። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን አክስሉ ተነስቶ ኮፓውን ይመታዋል። ክፍተቱ መለካት ያለበት አክስሉ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ተነስቶ ነው።

ከዚያ የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ጉዳይ ይመጣል። የፍሪሲዮን ዲስኩ ጥርስ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር፣ ስፋቱ ደግሞ ከሞተሩ ቮላኖ (ሞተሩ ጫፍ ላይ ካለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ጋር መግጠም አለበት። የመሪው ዘንግና የጭስ ማውጫው መንገድም መታየት አለበት። ሞተርና ካምቢዮ ትንሽ ወደ ኋላ ከሄዱ ካርዳኑ፣ ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ፣ ማጠር ይኖርበታል። እኔ የምመክረው ባዶውን ብሎክ ከካምቢዮው ጋር አስሮ መጀመሪያ መሞከር ነው። የሞተር መቀመጫዎቹ የሚበየዱት ከዚያ በኋላ ነው።

«ቤንዚን አውጥቶ ናፍጣ መክተት ቀላል ነው»

እዚህ ላይ አደራ እላለሁ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ፍሬን ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ቫኪዩም፣ ማለትም የመሳብ ኃይል፣ ይፈጥራል፤ የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀልለው ሰርቮም በዚያ ይሠራል። የናፍጣ ሞተር ግን በአብዛኛው ያንን ቫኪዩም አይፈጥርም። የራሱ የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። ፓምፑ ከተረሳ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል።

ክብደትም አለ። ብዙዎች የሚመኙት ባለ 3.9 ሊትሩ የናፍጣ ሞተር፣ ከሚንስ 4ቢቲ፣ ብቻውን ከ330 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የፊት ሞላው፣ ባሌስትራውና ፍሬኑ ያንን ጭነት ታስበው አልተሠሩም። አንዳንድ የናፍጣ ሞተሮች ደግሞ በ24 ቮልት የሚሠሩ ስለሆኑ ከመኪናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። ናፍጣ በዝቅተኛ ዙር ስለሚሠራ የዲፈረንሻሉ ቁጥርም እንደገና መታሰብ አለበት፤ አለበለዚያ መኪናው አስፋልት ላይ እየጮኸ ይቀራል።

«ኮምፒውተር ያለው ሞተር ለገጠር አይሆንም»

ስጋቱ ይገባኛል። ካርቡራተር፣ ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው የድሮ መሣሪያ፣ በካቻቪቴ ይስተካከላል፣ ኮምፒውተር ግን አይስተካከልም። ነገር ግን መኪናው በጣም ሲያዘነብል የካርቡራተሩ ነዳጅ ወደ አንድ ወገን ይሄድና ሞተሩ ይታፈናል ወይም ይጠፋል። በኮምፒውተር የሚታዘዘው የነዳጅ መርጫ፣ ኢንጀክሽን፣ ይህ ችግር የለበትም። ከፍታ ላይም ይሻላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ካርቡራተር አየሩ ሲሳሳም ነዳጁን በዚያው ልክ ያፈስሳል፤ ኢንጀክሽን ግን መጠኑን ራሱ ይቀንሳል።

ግማሽ ዕቃ መግዛት ነው ጣጣው። ሞተሩን ስትገዙ ሙሉ የሽቦ መስመሩን፣ ኮምፒውተሩን፣ ሴንሰሮቹን፣ የነዳጅ ፔዳሉን፣ ኢሞቢላይዘር (ያለ ራሱ ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል መሣሪያ) ካለው ቁልፉን ጭምር ከዚያው መኪና ውሰዱ። ከተቻለ ሙሉ የተጋጨ መኪና መግዛት ይመረጣል። የነዳጅ ፓምፑም ይቀየራል፤ ኢንጀክሽን 3 ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋል፣ የካርቡራተር ፓምፕ የዚያን አንድ አሥረኛ ያህል ነው የሚሰጠው። የድሮው የጎማ ቱቦም ያንን ግፊት አይችልም።

«ትልቅ ራዲያተር ካለ አይሞቅም»

ቀስ ብሎ በሚሄድ መኪና ላይ ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም። አየሩን የሚስበው ፋኑ ነው፤ በዙሪያው መከለያ ከሌለው ደግሞ ያንኑ የሞቀ አየር መልሶ ያዞራል። ውሃ የምትሻገሩ ከሆነ የኤሌክትሪክ ፋኑን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ጨምሩበት።

«ዋናው ወጪ ሞተሩ ነው»

አይደለም። ሽቦው፣ ቱቦው፣ ብየዳው፣ ካርዳኑና ጭስ ማውጫው ተደምረው ብዙ ጊዜ ሞተሩን ይበልጡታል። በጀታችሁን ሞተሩ ላይ አትጨርሱ። የሞተር ቁጥር በመኪናው ሰነድ ላይ በሚመዘገብበት አገር ደግሞ ፈቃዱን ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

«የድሮውን ሞተር ማደስ ገንዘብ ማባከን ነው»

መጀመሪያ የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለኩ። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ግፊቱ ከጨመረ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፤ ካልጨመረ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው። ጓርኒሲዮን ብቻ ከሆነ ሞተር መቀየር ጨርሶ አያስፈልግም። መቀየር ግድ ከሆነም ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ቀጣዩን ሞተር አስቡበት። 22አርኢ 190 ኒውተን ሜትር ገደማ ቶርክ አለው፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ባለ 2.7 ሊትሩ 3አርዜድ 240 ገደማ ይሰጣል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ8 ሞተር የሚጠይቀውን ያህል መቁረጥና መበየድም አይፈልግም።