ሜካኒካል ኪቦርድ ምንድን ነው? ስብስብ ለመጀመር ለምታስቡ

ድሬዳዋ ውስጥ የኮምፒውተር ዕቃ በሚሸጥባቸው መደብሮች «ሜካኒካል» ያልተባለ ኪቦርድ እየጠፋ ነው። ከሥሩ መብራት የሚበራ ሁሉ ሜካኒካል ይባላል፤ ሲነካ የሚንቋቋ ሁሉ ሜካኒካል ይባላል፤ ሲያነሱት ከበድ ያለም እንዲሁ። በቅርቡ አንድ ወጣት ስብስብ ለመጀመር የገዛቸውን ኪቦርዶች ወደ መጠገኛ ጠረጴዛዬ ይዞ መጥቶ ነበር። ቀለማቸው የተለያየ፣ መብራታቸው የተለያየ፣ ዋጋቸውም የተለያየ። የቁልፎቹን ክዳን ነቅለን ስናይ ግን የሁሉም ሆድ ውስጥ ያለው ያው አንድ ዓይነት የጎማ ምንጣፍ ነው። ልጁ በተለያየ ልብስ የቀረበለትን አንድ ኪቦርድ ደጋግሞ ገዝቷል። ገንዘቡ ያሳዝናል፤ እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ግን እንዲህ ያለው ነገር ተራ መሆኑ ነው።

ሜካኒካል ኪቦርድ እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ ራሱን የቻለ ስዊች ያለው ኪቦርድ ነው። ስዊቹ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ሆኖ በውስጡ የሚወርድና የሚወጣ ዘንግ፣ ዘንጉን ወደ ላይ የሚመልስ ሞላ፣ ሲነካኩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ሁለት የብረት ምላሶች አሉት። ዘንጉ ወለል ከመምታቱ በፊት፣ ገና መንገድ ላይ ሳለ ምላሶቹ ይነካካሉ፤ ፊደሉም ያኔ ይጻፋል። ዛሬ አብዛኛው አምራች የሚከተለው የጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤም ኤክስ የተባለ ስዊች ነው። በዚህ ስዊች ቁልፉ በጠቅላላው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ፊደሉ የሚጻፈው 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው።

ተራው ኪቦርድ ግን ከቁልፎቹ ሁሉ ሥር የተዘረጋ አንድ የጎማ ምንጣፍ አለው፤ በየቁልፉ ቦታ ጎማው እንደ ጉልላት አበጥ ብሏል። ከጎማው በታች መስመር የታተመባቸው ስስ ፕላስቲኮች ተደራርበዋል። ጉልላቱ ተጨፍልቆ የላይኛውን ፕላስቲክ ከታችኛው ጋር ሲያገናኝ ፊደሉ ይጻፋል። ይህ የሚሆነው ቁልፉ መጨረሻው ድረስ ሲጫን ነው።

መጋላም ይሁን ሳቢያን፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ተከራዮች አንድ የመብራት ቆጣሪ ሲጋሩ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። መስመሩ ሲደክም የሁሉም ቤት ማራገቢያ አብሮ ይደክማል፤ ችግር ሲመጣ ግቢው በሙሉ ይጨልማል። ባለ ጎማው ኪቦርድ እንዲህ ነው። ሜካኒካሉ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቆጣሪ ያስገባበት ግቢ ነው። የአንዱ ቢበላሽ የዚያን ቤት ብቻ ፈትቶ መቀየር ይቻላል፤ ጎረቤቱ ማራገቢያውን አያጠፋም። በግቢው በር ላይ የተሰቀለው ባለ ቀለም አምፖል ግን ስለ ቆጣሪው ምንም አይነግረንም። ቆጣሪ የሚጋራው ግቢም ለሠርግ ሰሞን ከሁሉ የደመቀ አምፖል ሊሰቅል ይችላል። ሻጩ የሚያሳያችሁ የበሩን አምፖል ነው፤ መጠየቅ ያለባችሁ ስለ ቆጣሪው ነው።

ምሳሌውን ሳላስተካክል ብተወው ግን ሌላ ስሕተት ይወልዳል። ቆጣሪው የየራስ ቢሆንም ከምሰሶው የሚመጣው መስመር የጋራ ነው። በሜካኒካል ኪቦርድም ስዊቾቹ ለየብቻ ይሁኑ እንጂ ሽቦዎቻቸው በአግድምና በቁልቁል መስመሮች የተጋሩ ናቸው፤ ለመቶ ቁልፍ መቶ ሽቦ የሚጎትት የለም። ስለዚህ ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ሲጫን ስዊቾቹ የተሰኩበት የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ ማለትም ቦርዱ፣ የቱ እንደተጫነ እንዳይምታታበት በየስዊቹ አጠገብ ዳዮድ ይደረጋል፤ ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ ነው። ዳዮድ የሌለው ሜካኒካል ኪቦርድ እንደ ባለ ጎማው ይምታታበታል። «ሜካኒካል ስለሆነ የፈለግኸውን ያህል ቁልፍ በአንዴ ይቀበላል» የሚለው የሻጮች ንግግር መሠረት የለውም። ያንን የሚሠራው ስዊቹ ሳይሆን ቦርዱ ነው።

አሁን ወደ ድምፅ ልምጣ። ኪቦርድ አዋቂ ነኝ የሚል አንድ ሰው «ካልጮኸ ሜካኒካል አይደለም» እያለ ሲያስተምር ሰምቻለሁ፤ የሚሰሙትም ይበዛሉ። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው። የቼሪ ኤም ኤክስ ስዊቾች በዘንጋቸው ቀለም ይጠራሉ፤ ከእነሱ ጥቁሩና ቀዩ ምንም ዓይነት የቀጭታ ድምፅ የላቸውም፤ ዘንጉ ከላይ እስከ ታች ሳይደናቀፍ ይወርዳል። ቡኒው መሃል ላይ ትንሽ እብጠት ለጣት ያሳውቃል፣ እሱም አይቀጭም። የሚቀጨው ሰማያዊው ነው፤ ዘንጉ ላይ ለብቻው የሚንሸራተት ቁራጭ ስላለው ነው ድምፅ የሚሰጠው። አንድ ኪቦርድ ሲጮህ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ክዳኑ ወለል ሲመታና ባዶው ሣጥን ሲያስተጋባ ነው። ባዶ ሣጥን ያለው ባለ ጎማም ይጮኻል። እንዲያውም ድምፁ እንዲጠፋ ታስበው ዘንጋቸው ላይ ለስላሳ ነገር የተደረገላቸው ሜካኒካል ስዊቾች አሉ። ለዚያ ሰው እነዚህ ምን ሊባሉ ነው?

መብራትም እንዲሁ ነው። ሰብሳቢዎች ሁሉ የሚመኙት ሞዴል ኤም የተባለው የአይ ቢ ኤም ኪቦርድ በ1985 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከጥቂት አመልካች መብራቶች በቀር የሚበራ ነገር አልነበረውም። አፕል በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ትልቁ ኪቦርድም ቁልፎቹ አይበሩም፤ አልፕስ በተባለው የጃፓን ኩባንያ ስዊቾቹ ግን እስከ ዛሬ ይፈለጋል።

እንግዲህ ገበያ ላይ ቆማችሁ እንዴት ትለያላችሁ? ብዙ ሰው «ክዳኑን ንቀል፣ መስቀል ቅርጽ ያለው ዘንግ ካየህ ሜካኒካል ነው» ይላል። ይህ ምክር ጊዜው አልፎበታል፤ ባለ ጎማዎቹም መስቀል ቅርጽ ያለው ዘንግ እያወጡ ነው። ዘንጉን ትታችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ። ስዊቹ ከላሜራው ላይ ለብቻው የተሰካ ሳጥን ነው ወይስ ከኪቦርዱ ፕላስቲክ ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ቱቦ? ቱቦ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ጎማ አለ። ከዚህ የሚሻለው ፈተና ምንም መንቀል አይፈልግም። ኪቦርዱን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ አንድ ቁልፍ በጣም በዝግታ ጫኑ። ፊደሉ ቁልፉ ወለል ሳይነካ ከተጻፈ ጥሩ ምልክት ነው፤ እስኪጨፈለቅ ካስጠበቃችሁ ባለ ጎማ ነው። ይህን እንድታደርጉ የማይፈቅድ ሻጭ ዘንድ አትግዙ።

በድንበር ላይ ያሉ ሁለት ኪቦርዶች ክርክር ያስነሳሉ፤ እኔም አቋሜን ልናገር። ሞዴል ኤም በየቁልፉ ሥር ረጅም ሞላ አለው። ሞላው ሲጫን ድንገት ወደ ጎን ይታጠፍና ከሥሩ ያለችውን ትንሽ መዶሻ ያስመታል፤ መዶሻዋ የምትመታው ግን እንደ ተራው ኪቦርድ የተደራረቡ ስስ ፕላስቲኮችን ነው። ከእሱ በፊት በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ሞዴል ኤፍ ተመሳሳይ ሞላ ይዞ የሚያነበው በኤሌክትሪክ መጠን ለውጥ ነበር። ሁለቱንም ሜካኒካል እላቸዋለሁ፤ ጣት የሚሰማው፣ ፊደል የሚጻፍበትንም ቅጽበት የሚወስነው የየቁልፉ የራሱ ሞላ ስለሆነ። የጃፓኑ ቶፕሬ ግን ስሜቱን የሚያገኘው ከጎማ ጉልላት ነው፤ ከጎማው ሥር ያለው ሾጣጣ ሞላ ሲጠብ ቦርዱ የኤሌክትሪክ መጠን ለውጥ ያነባል፣ ብረት ከብረት አይነካካም። እጅግ ግሩም ኪቦርድ ነው፤ ሜካኒካል አልለውም። ስብስባችሁ ውስጥ ግን ሊኖር ይገባል፤ «ጎማ ሁሉ መጥፎ ነው» የሚለውን የሚያፈርሰው እሱ ነውና።

ስብስብ መጀመር ያለበት እንግዲህ ከኪቦርድ ሳይሆን ከስዊች ነው። ጥቂት የተለያዩ ስዊቾች የተሰኩበት መሞከሪያ ትንሽ ሰሌዳ ይገኛል፤ ርካሽ ነው፣ ለብዙ ቀን ጣታችሁን ያስተምራል። ከዚያ ቀጥሎ ስዊቹ ያለ ብየዳ ካውያ የሚነቀልበት አንድ ኪቦርድ ግዙ። አንዱን ሣጥን ይዛችሁ ስዊቹን ብቻ እየቀያየራችሁ ብዙ ኪቦርድ እንዳላችሁ ትሆናላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፦ አንዳንዱ ስዊች ሦስት እግር፣ አንዳንዱ አምስት አለው፤ ተጨማሪዎቹ ሁለቱ ፕላስቲክ ናቸው። ለሦስቱ የተበሳ ቦርድ ላይ ባለ አምስቱን ለመሰካት ፕላስቲኮቹን መቁረጥ ያስፈልጋል። ስትሰኩ የብረት እግሮቹ ቀጥ ማለታቸውን እዩ፤ የታጠፈ እግር እያስገደዱ ሶኬቱን ከቦርዱ የነቀሉ ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ፣ ያኔ ካውያው አይቀርም።

አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የስዊቹ ክብደት ከሌላው ይልቅ ያሳስበናል። የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደላት እየተከተልን በምንጽፍበት በተለመደው መንገድ «ሰላም» ለማለት አምስት ጊዜ እንጫናለን። ቀዩ ስዊች 45 ግራም አካባቢ ግፊት ይፈልጋል፣ ጥቁሩ 60 ገደማ። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻና ውል ለሚጽፍ ሰው ልዩነቱ ማምሻውን ጣቱ ላይ ይታወቃል። ጥ፣ ጭ፣ ጵ ለመጻፍ ደግሞ ሺፍትን ደጋግመን እንይዛለን። እንደ ሺፍት፣ ኢንተርና ስፔስ ባር ያሉ ረጃጅም ቁልፎች ከስዊቹ በተጨማሪ ግራና ቀኝ ሚዛን የሚጠብቅ ሽቦ አላቸው። ያ ሽቦ ካልተቀባ ይንኳኳል፣ ቁልፉም ያነክሳል። ኪቦርድ ስትመርጡ መጀመሪያ የግራውን ሺፍት በዳር በኩል ጫኑት።

ስለ ቅባት ከተነሳ፣ ዘንጉንና ሞላውን በስሱ መቀባት ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ስዊች ያለሰልሰዋል። የሚቀጨውን አትቀቡ፤ ቀጭታውን ትገድሉታላችሁ። የምትቀቡት ለፕላስቲክ በተሠራ ወፈር ያለ ግራሶ ይሁን። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት የሚያንጠባጥቡ አሉ፤ እንደ ድሬ ባለ ሙቀት ስስ ዘይት ቦታውን ለቅቆ ወደ ብረት ምላሶቹ ይወርዳል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ከዚያ ቁልፉ አንዴ ይሠራል አንዴ ይተዋል። ነፋስ ሲነሳ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚመጣው አቧራ እዚህ ከተማ የኪቦርድ ዋና ጠላት ነው። ጎማው ምንጣፍ አቧራን ይከላከላል፤ ሜካኒካሉ ግን ክፍት ነው፣ ሳትጠቀሙበት ጨርቅ አልብሱት። ይህን የማነሳው ሜካኒካል በሁሉም ነገር ይበልጣል ብላችሁ እንዳትወጡ ነው።

ሌላው የሙያዬ ጉዳይ የብረት መንጠር ነው። ሁለት ብረቶች ሲገናኙ በአንድ ጊዜ አይረጉም፤ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራሉ። ቦርዱ ያንን ታግሶ አንድ ፊደል ብቻ እንዲጽፍ ታዟል። ስዊቹ ሲያረጅ ወይም ሲቆሽሽ መንጠሩ ከትዕግሥቱ ያልፍና አንዴ ተጭናችሁ ሁለት ፊደል ይወጣል። ኪቦርዱ ሞተ ማለት አይደለም፤ አንድ ስዊች ይቀየራል።

ያገለገለ ለምትፈልጉ፣ በጅቡቲ በኩል የሚመጣው ዕቃ ውስጥ የፈረንሳይ አደራደር ያለው ሊያጋጥም ይችላል፤ የላይኛው ረድፍ በኤ እና ዜድ ይጀምራል። ኮምፒውተሩን አስተካክሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን የኢንተሩ ቅርጽና የግራው ሺፍት ርዝመት ከአሜሪካው ስለሚለይ በኋላ የምትገዙት የክዳን ስብስብ ላይገጥም ይችላል። ክዳን ስትመርጡ ፒ ቢ ቲ የተባለውን ፕላስቲክ አስቀድሙ፤ ኤ ቢ ኤስ በላብና በቅባት ቶሎ ያብለጨልጫል፣ ድሬ ላይ ደግሞ እጅ ይላባል። የቆየ ሞዴል ኤም ከተገኘ ሶኬቱ ክብ ባለ ስድስት እግር መሆኑን እዩ፤ በተራ መለወጫ ላይሠራ ይችላል፣ በውስጡ የራሱ ቺፕ ያለው መለወጫ ያስፈልጋል። ከዚያ ገልብጣችሁ ነቅነቅ አድርጉት። የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማ ብዙውን ጊዜ ላሜራውን ከፕላስቲኩ የሚያያይዙት ትናንሽ የፕላስቲክ ችካሎች ተሰብረው ነው። ጥቂቶቹ ብቻ ከሆኑ ይሠራል፤ ከበዙ ግን ኪቦርዱ በሙሉ ተፈትቶ ችካሎቹ በብሎን መተካት አለባቸው፣ ያንንም ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።