በናዝሬት ያደገው ብላቴና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ የጎጃም አድባራት ሌሊቱን በማኅሌት ያድራሉ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷን፣ ረኃቡንና ውኃ ጥሙን እያነሣን እናዝናለን። ከስደት መልስ ግን ሕፃኑን የምናስበው በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ፣ ቀጥሎም በ30 ዓመቱ በዮርዳኖስ ነው። የመካከሉን ዘመን ዝም ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ጽጌ በመጣ ቁጥር ልቤ ከናዝሬት አልወጣ ይለኛል።

ሊቃውንቱን ያስደነቀው ልጅ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? ቅዱስ ሉቃስ «ከእነርሱም ጋር ወርዶ ወደ ናዝሬት መጣ፥ ይታዘዝላቸውም ነበር» ይለናል። ኪሩቤል የሚሸከሙት ጌታ እናቱ ስትጠራው «አቤት» እያለ አደገ! ቤቱም የድሃ ቤት ነበር፤ ስለ እርሱ በቤተ መቅደስ የቀረበው መሥዋዕት ጠቦት መግዣ ለሌለው ሰው ሕግ የፈቀደው የርግብ ጥንድ ነው። በኋላ የአገሩ ሰዎች «ይህስ ጸራቢው የማርያም ልጅ አይደለምን?» ያሉት፣ እንጨት ሲጠርብ ስላዩት ነው።

የዚያ ቤት ውሎ አልተጻፈልንም። ነገር ግን ጌታ ሲያስተምር ያነሣቸውን ነገሮች ልብ በሉ፦ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት እርሾ የምትሸሽግ ሴት፣ በአሮጌ ልብስ ላይ የሚጣፍ እራፊ፣ የጠፋባትን ድሪም መብራት አብርታ ቤቷን ጠርጋ የምትፈልግ ሴት፣ አባቱን ዕንቁላል የሚለምን ልጅ፣ በገበያ ተቀምጠው «እንቢልታ ነፋንላችሁ፥ ዘፈንም አልዘፈናችሁም» እያሉ የሚወቃቀሱ ሕፃናት። ይህ ጓዳውንና መንደሩን በቅርብ የኖረበት ሰው ንግግር ነው። ሊጥ የምታቦካ የጎጃም እናት የእርሾውን ምሳሌ ማንም ሳይተረጉምላት ትረዳዋለች።

አደገ ስንል ጥበብ ጎድሎት ነበር ማለታችን አይደለም፤ ይህ እንዳይመስላችሁ። ፍጹም አምላክ ሲሆን የሚያድግ ሥጋን ተዋሕዶ፣ በሰው ሥርዓት ጥቂት በጥቂት አደገ። በጥምቀት «በበሕቅ ልህቀ፣ በሠላሳ ክረምት በዮርዳኖስ ተጠምቀ»፣ ማለትም ጥቂት በጥቂት አደገ፣ በሠላሳ ዘመኑም በዮርዳኖስ ተጠመቀ፣ ብለን የምንዘምረውም ይህንኑ ነው። አዳም የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ እንደ ተፈጠረ አባቶች ያስተምሩናል። ጌታም እንዲሁ ጎልማሳ ሆኖ መገለጥ ይቻለው ነበር፤ አልፈለገም። መዳህን፣ መውደቅ መነሣትን፣ ጡት መጥባትን፣ መላክን ሳይዘል አለፈባቸው፤ ልጅነትንም ቀደሰው።

በእኛ አገር ልጅ ተልኮ ፈጥኖ ሲመለስ ሽማግሌ «እደግ» ብሎ ይመርቀዋል። የናዝሬት ሽማግሌዎችስ ውኃ ይዞላቸው የመጣውን ብላቴና እንዲህ መርቀውት ይሆን? ፍጥረትን ሁሉ የሚያሳድገውን! ምርቃቱንም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሲቀበል ይታየኛል።

በዚህ በጥቅምት ልጆቻችን ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው እህሉን ከወፍ ይጠብቃሉ፤ ከብትም ያግዳሉ። ሥራቸው ክቡር ነው፤ ጌታችንም በልጅነቱ ለወላጆቹ ታዟልና። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሰንበት ጠዋት ትልልቆቹ ነጠላ አጣፍተን ለቅዳሴ ስንወጣ፣ እረኛው ልጅ ከከብቱ ጋር ይቀራል። ሳምንቱም፣ ወሩም፣ ዓመቱም እንዲሁ ያልፋል። እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ለበዓል ሲወጡ ብላቴናውን ይዘውት ወጡ እንጂ ናዝሬት ጥለውት አልሄዱም።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፦ ለእርሻ ወንፈል እንደምትገቡት ሁሉ ለሰንበት እረኝነትም ከጎረቤት ጋር ተራ ያዙ። ተራው የደረሰው ትልቅ ሰው ከብቱን ይጠብቅ፤ ልጁ ታጥቦ፣ ነጠላውን ለብሶ ያስቀድስ፣ ይቁረብም። በመጪው ሰንበት ጀምሩት።