ዎል ቦል፦ የላክሮስ ተጫዋች ከግድግዳ ጋር የሚሠራው ልምምድ

ዎል ቦል የላክሮስ ተጫዋች ኳሱን በዱላው ወደ ግድግዳ እየወረወረ፣ ነጥሮ ሲመለስ እየያዘ ብቻውን የሚሠራው ልምምድ ነው። ላክሮስ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየያዙና እየተቀባበሉ ጎል ለማግባት የሚጫወቱት የቡድን ጨዋታ ነው፤ መረብ ያለበት ጫፍ የዱላው ራስ፣ ኳሱ የሚያርፍበት የመረቡ ጎድጓዳ ክፍል ደግሞ ኪስ ይባላል። ልምምዱ ጓደኛ አይጠይቅም፤ ሜዳም አይጠይቅም። ዱላ፣ ኳስና ጠፍጣፋ ግድግዳ ካሉ ይበቃል። ስለ ላክሮስ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ብዙም ስለማይገኝ፣ ይህ ዳሰሳ ልምምዱን ከመነሻው እስከ አሠራሩ ለማስተዋወቅ የተዘጋጀ ነው።

ጥቅሙ በቀላል ሒሳብ ይታያል። አንድ ጊዜ ወርውሮ መያዝ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ 300 ጊዜ ይወረወራል፤ 300 ጊዜም ይያዛል። በቡድን ልምምድ ላይ ግን ተጫዋቹ ተራ ይጠብቃል፣ መመሪያ ያዳምጣል፣ ያመለጠ ኳስ ያሳድዳል። በዚያ ላይ ግድግዳ አያዳላም። የተበላሸ ውርወራ ተበላሽቶ ይመለሳል፤ ጥሩው ደግሞ በቀጥታ ወደ ዱላው ራስ ይመጣል።

ላክሮስ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ጨዋታ ነው። ለሆዴኖሾኒ፣ በሌላ ስማቸው ለኢሮኳ ሕዝቦች፣ ዛሬም ለፈጣሪ ክብር የሚጫወቱት፣ የፈውስ ኃይል አለው ብለው የሚያምኑበት ጨዋታ ነው። ጥንት ኳሱ ከእንጨት ወይም ፀጉር ከታጨቀበት የአጋዘን ቆዳ ይሠራ ነበር። የሞንትሪያሉ የጥርስ ሐኪም ዊልያም ጆርጅ ቢርስ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ዘመናዊውን ሕግ ሲያረቅ የጎማ ኳስ አስገባ። ፀጉር የታጨቀበት ቆዳ ከግድግዳ ላይ እንደ ጎማ አይነጥርም። ስለዚህ የዛሬው ዎል ቦል መሠረቱ ያ ለውጥ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ዱላው የእንጨት ሆኖ ቆየ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1970 ነው። እስከዚያ ድረስ ዱላ የሚሠራው ከሂኮሪ እንጨት ነበር። እንጨቱ በእንፋሎት ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ ለወራት ይደርቃል፣ ከዚያ በእጅ ይጠረባል። የዱላው ራስ አንዱ ጎኑ ጠንካራ እንጨት ሲሆን፣ ሌላው ጎኑ የተጎነጎነ ጠፍር ነበር። ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ሁለት አንድ ዓይነት ዱላዎች ማግኘት ዘበት ነው፤ የለመዱት ሲሰበር እጅን እንደገና ማስለመድ የግድ ነበር። ከአቅርቦቱ አብዛኛው የሚመጣው በካናዳ ኮርንዎል ደሴት ካለው የሞሃውክ (ከሆዴኖሾኒ ሕዝቦች አንዱ) ባለሙያዎች ፋብሪካ ነበር፤ እሱም በ1968 በእሳት ወደመ። የባልቲሞሩ ኩባንያ ኤስቲኤክስ በ1970 የፕላስቲክ ራስ ይዞ ሲመጣ ግራና ቀኙ እኩል፣ ቀላልና አንድ ዓይነት የሆነ ዱላ በብዛት መመረት ጀመረ። ዛሬ የተለማመዱበት ዱላ ቢሰበር ነገ ተመሳሳዩ ይገዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደካማው እጅ ሰበብ አጣ። ለዎል ቦል ከዚህ የበለጠ ውለታ የዋለ ፈጠራ ያለ አይመስለኝም። ያም ሆኖ የሆዴኖሾኒ ጠራቢዎች የእንጨቱን ዱላ ዛሬም ይሠራሉ፤ ውበቱም አልተተካም።

ኳሱ ከ142 እስከ 149 ግራም የሚመዝን ጠጣር ጎማ ነው። ሲያረጅ ቆዳው ይለሰልስና ያንሸራትታል፤ ከኪሱም ያለጊዜው ይወጣል። የወንዶች አጭር ዱላ ከ101.6 እስከ 106.7 ሳንቲ ሜትር ነው። የተከላካዮች ረጅም ዱላ እስከ 183 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የሴቶች ዱላ ኪስ ጥልቀቱ አነስ ያለ ስለሆነ ኳሱን ለማቆየት የበለጠ የእጅ ልስላሴ ይፈልጋል። ከግድግዳ ሁሉ የሚመረጠው መስኮት የሌለው፣ ከፍ ያለ ኮንክሪት ነው። የጡብ ግድግዳ በመጋጠሚያዎቹ ምክንያት ኳሱን ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይወረውራል። አንዳንዶች ይህን እንደ ጥቅም ያዩታል፤ ለጀማሪ ግን ማሰቃየት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከግድግዳው ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ርቆ መቆም፣ ጉልበትን ትንሽ ማጠፍ፣ ትከሻን ወደ ጎን ማዞር። የታችኛው እጅ የዱላውን ጫፍ ይይዛል፤ የላይኛው ወደ መሃል ይጠጋል። ሲወረወር የላይኛው እጅ ይገፋል፣ የታችኛው ይስባል፣ የዱላው ራስ ወደ ዒላማው ያመለክታል። ክርን ከጎን ጋር ከተጣበቀ ውርወራው ይሞታል። ኳሱ በመንገዱ ላይ ስለሚወርድ፣ ዒላማው ከራስ ከፍታ ትንሽ በላይ ያለ ነጥብ ቢሆን ይመረጣል። ሲያዝ ደግሞ የዱላው ራስ ከጆሮ አጠገብ ሆኖ ይጠብቃል፤ ኳሱ በገባበት ቅጽበት ዱላው አብሮት ጥቂት ወደ ኋላ ይሸሻል። አንጓ ከደረቀ ኳሱ መረቡን "ጧ" አድርጎ መትቶ ይወጣል። በትክክል ሲያዝ ድምፁ ለስላሳና አጭር ነው። የለመደ ሰው ስህተቱን ከማየቱ በፊት ይሰማዋል። ውርወራው ሁሌ ወደ መሬት የሚወርድ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእጅ ላይሆን ይችላል፤ ኪሱ በጣም ጠልቋል፣ ወይም በዱላው ራስ አናት ያሉት ክሮች ከመጠን በላይ ጠብቀዋል።

የተለመደው ቅደም ተከተል በጠንካራው እጅ ይጀምራል፣ ወደ ደካማው ያልፋል፣ ከዚያ በአንዱ ይዞ እጅ ቀይሮ በሌላው መወርወር ይመጣል። ቀጥሎ ኩዊክ ስቲክ አለ፤ ኳሱን ሳያወዛውዙ በያዙበት ፍጥነት መመለስ ማለት ነው። በአንድ እጅ መያዝ፣ ዱላውን ወደ ተቃራኒው ጎን አሻግሮ መወርወር፣ በጀርባ በኩል መወርወርም አሉ። በጀርባ መወርወርን እንደ ጉራ የሚቆጥሩ አሉ። ካናዳውያኑ ወንድማማቾች ጋሪና ፖል ጌት በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሲራክዩዝ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወቱ ያሳዩትን ያየ ግን እንዲህ ለማለት ይከብደዋል።

ደካማውን እጅ ምን ያህል ማሠራት ይገባል? በአሜሪካ የሜዳ ላክሮስ እኩል ጊዜ ይሰጠው የሚለው አስተሳሰብ ጎልቶ ይሰማል። በበረዶ ሆኪ አዳራሽ ያደገው የካናዳ ቦክስ ላክሮስ ግን ተጫዋቹ ባብዛኛው በአንድ እጁ እንዲራቀቅ ያደርጋል፤ ከዚያም ድንቅ ጎል አግቢዎች ወጥተዋል። ሁለቱም መንገድ ፍሬ አፍርቷል። ለጀማሪ ግን ሁለቱንም እጅ ማሠራት እንደሚሻል አያጠራጥርም፤ አንድ እጅ ብቻ ያለውን ተጫዋች ተከላካይ ቶሎ ይነቃበታል። ጓንት አድርጎ መለማመድም እንደዚሁ ነው፤ የወንዶች ጨዋታ በጓንት ስለሚካሄድ ልምምዱም በጓንት መሆን አለበት።

ግድግዳው የማያስተምረው ነገር አለ። ተከላካይ ሆኖ አይገፋም። ኳስ ለማን ይሰጥ የሚለውን ውሳኔም አይጠይቅም። ተጨንቆ የተወረወረ የጓደኛ ኳስ የሚመጣበትን አንግል አያመጣም። አንድ ቦታ ተተክሎ መቆምም መጥፎ ልማድ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ የለመደ ሰው ከግድግዳው ጋር ትይዩ እየሮጠ፣ ኳሱን ከፊቱ አስቀድሞ እየወረወረ ይሠራል።

ላክሮስ በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ወደ ኦሊምፒክ ይመለሳል። የሚካሄደው ሲክስስ በተባለው ቅርጽ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ከየቡድኑ ስድስት ሰው ይሰለፋል፣ ሜዳው 70 በ36 ሜትር ነው፣ ለማጥቃት የሚሰጠው ጊዜ 30 ሰከንድ ብቻ ነው። ረጅም ዱላ የለም፤ ከግብ ጠባቂው በቀር ሁሉም አጭር ዱላ ይዞ ያጠቃልም ይከላከላልም። በረጅም ዱላ መከላከል ብቻ የለመደ ተጫዋች ወደዚህ ቅርጽ ሲመጣ ኳስ ይዞ መሮጥን፣ በፍጥነት መቀበልንና በሁለቱም እጅ ማቀበልን ከአዲስ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚላከውም ወደ ግድግዳው ነው።