ቶፓሎቭ ማለት የሽንት ቤቱ ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም

የቡልጋሪያው የቼዝ ግራንድማስተር (ትልቁ የቼዝ ማዕረግ ነው) ቬሴሊን ቶፓሎቭ ስም ሲነሳ ወሬው ወዲያው ሁለት ነገር ላይ ይወድቃል፤ የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ካስፓሮቭ ያሸነፈው ጨዋታና የሽንት ቤቱ ጭቅጭቅ። እኔ ጨዋታውን በጣም ስለምወደው ይሄ ያናድደኛል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

«የካስፓሮቭ መጫወቻ ነበር» ይላሉ። በ1999 ሆላንድ ውስጥ ዋይክ አን ዜ ላይ ካስፓሮቭ በ24ኛው እርምጃ ግንቡን (ሩኩን) ሠዋ፣ ማለትም ሆን ብሎ እንዲበላ ሰጠው። ቶፓሎቭ እምቢ ብሎ ንጉሡን ወደፊት ቢያስጠጋ ችግር አልነበረበትም፤ እሱ ግን ግንቡን በላው። ከዚያ ንጉሡ ከምሽጉ ወጥቶ፣ ሰሌዳውን በሙሉ አቋርጦ፣ የካስፓሮቭ የመጨረሻ ረድፍ ላይ እስኪደርስ ድረስ ተሳደደ። ተሸነፈ፣ አዎ። ግን ፈሪ ተጫዋች ቢሆን ያ ጨዋታ ከነጭራሹ አይኖርም ነበር። ደግሞ በመጋቢት 2005 ስፔን፣ ሊናሬስ ላይ፣ በመጨረሻው ዙር፣ ቶፓሎቭ ካስፓሮቭን አሸነፈው። ካስፓሮቭ ያኔውኑ ከውድድር መሰናበቱን ተናገረ።

«የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዕድል ነው» የሚለው ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። በ2005 አርጀንቲና፣ ሳን ሉዊስ፣ እንደ አናንድ፣ ስቪድለርና ሌኮ ያሉ ጠንካራ ተጫዋቾች የነበሩበት የስምንት ሰው የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ጨዋታዎች ስድስቱን አሸንፎ በአንዱ አቻ ወጣ። 6.5 ከ7 (ማሸነፍ አንድ፣ አቻ ግማሽ ነጥብ ነው)! የቀሩትን ሰባቱን በአቻ ጨርሶ ከተከታዮቹ በ1.5 ነጥብ ርቆ ዋንጫውን ወሰደ።

አሁን ወደ ኤሊስታ (ሩሲያ)፣ 2006፤ ቶፓሎቭና የሩሲያው ክራምኒክ ለዓለም ሻምፒዮንነት የተጋጠሙበት። «ክራምኒክን ያስቸገረው በፎርፌው ብቻ ነው» ይባላል። ቅሬታው የመጣው ከቶፓሎቭ ወገን ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ዳናይሎቭ ክራምኒክ ሽንት ቤት ያበዛል ብሎ አመለከተ፣ የግል ሽንት ቤቶቹ ተዘጉ፣ ክራምኒክም አልጫወትም ብሎ አምስተኛው ጨዋታ በፎርፌ ሄደ። ይሄ ለኔ የሚያሳፍር ነው፣ ምክንያቱም ማጭበርበር ስለመኖሩ ምንም አልተረጋገጠም። ነገር ግን ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ጨዋታ ቶፓሎቭ ሰሌዳ ላይ፣ በራሱ እጅ ነው ያሸነፈው። እንዲያውም ሁለተኛው ጨዋታ ላይ ማሸነፊያው እጁ ገብቶ ሳያየው ቀርቶ ተሸንፏል። 6 ለ 6 አለቀ፤ ከዚያ በፈጣን ቼዝ ክራምኒክ 2.5 ለ 1.5 አሸነፈ።

«ከዚያ በኋላ ጠፋ» የሚሉም አሉ። የት ጠፋ? በ2009 ሶፊያ ላይ ካምስኪን 4.5 ለ 2.5 አሸንፎ፣ በ2010 እዚያው ሶፊያ ከአናንድ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ተቀመጠ። 5.5 እኩል ሆነው የመጨረሻው 12ኛው ጨዋታ ደረሰ። አቻ ቢወጡ በፈጣን ቼዝ ይለያሉ፣ እዚያ ላይ ደግሞ አናንድ አደገኛ ነው። ቶፓሎቭ ግን በነጭ እየተጫወተ ለማሸነፍ ሲገፋ በወታደሩ በልቶ የንጉሡን መከለያ ከፈተ። አናንድ በዚያው ገባ፣ አለቀ። ልብ ይሰብራል።

በ2015 ደግሞ የኖርዌይን ውድድር በ6.5 ከ9 አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። እውነት ነው፣ በመጀመሪያው ዙር የያኔው የዓለም ሻምፒዮን ካርልሰን እያሸነፈው ነበር፤ ግን ካርልሰን ከ60ኛው እርምጃ በኋላ ተጨማሪ ሰዓት ያለ መስሎት ሰዓቱ አልቆበት ተሸነፈ። የቀሩት 5.5 ነጥቦች ግን ከሰዓት ስህተት አልመጡም። በሐምሌ ወር ሬቲንጉ (የተጫዋች ጥንካሬ የሚለካበት ነጥብ) 2816 ደረሰ፣ በሕይወቱ ትልቁ፤ ያኔ 40 ዓመቱ ነበር።