194,313፦ የዐቢይ ቀመር የቀን ብዛት

194,313 በባሕረ ሐሳብ (በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት) አንድ ዐቢይ ቀመር፣ ማለትም 532 ዓመት፣ የሚይዘው የቀን ብዛት ነው። መስከረም 1 ቀን የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ሲታወጁ፣ እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ራጉኤልን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ አድባራት ሁሉ ስሌቱ የሚያርፈው በዚህ ዙር ላይ ነው።

በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው፤ በ133 ሲባዛ 194,313 ይመጣል። ቁጥሩ ሲተነተን 3 × 7 × 19 × 487 ነው፤ አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፣ አንዱም አይደገምም። ስለዚህ 16 አካፋዮች አሉት። ከራሱ በቀር ያሉት ሲደመሩ 118,007 ብቻ ሆነው ከራሱ ስለሚያንሱ ከጎዳይ ቁጥሮች ይመደባል። የአሃዞቹ ድምር 21 ነው፤ 21ም ያለ ቀሪ ያካፍለዋል፤ እንዲህ ያለው ቁጥር ሃርሻድ ይባላል። አራቱም ብቸኛ ቁጥሮች ለ4 ሲካፈሉ 3 ስለሚተርፋቸው የሁለት ካሬዎች ድምር መሆን አይችልም። እጅግ የሚያምረው ግን ሌላ ነው፦ ከእሱ የሚያንሱና ከ1 በቀር ከእሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ብዛት 104,976፣ ልክ 18 × 18 × 18 × 18 ነው።

ለቀመሩ ትልቁን ሥራ የሚሠራው 7 ነው። 76 ዓመት (ዓውደ ማኅተም) 27,759 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል 4 ስለሚተርፍ ዕለቱ ይዛወራል። ሰባት ጊዜ ሲደገም ግን ልክ 27,759 ሳምንት ይሞላል፤ የሳምንቱ ዕለት፣ የዓመቱ ወንጌላዊና አበቅቴ (የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት የሚያዝበት ቁጥር) አብረው ይመለሳሉ።

የ2018ን እንይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ሲጨመር 7518፤ ለ532 ሲካፈል 70 ይተርፋል፤ 70 ለ19 ሲካፈል መደቡ (ቀሪው) 13 ነው። ያለንበት ዓመት ስላላለቀ አንድ ይቀነሳል፤ ወንበር 12። በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ (ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዕ (የፋሲካ ስሌት የሚነሣበትን ቀን የሚሰጠው ቁጥር) 18 ይሆናል፤ ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ስሌቱ ተሳስቷል። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ መስከረም 18 ላይ ይውላል። ዕለቱ እሑድ ነው፣ ተውሳኩ (ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር) 7፤ ከመጥቅዕ ጋር ሲደመር መባጃ ሐመር 25። በዚህ መሠረት ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ከ69 ቀን በኋላ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። በ1486ም እንዲሁ ነበር፤ በ2550ም ይደገማል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው ፋሲካ በየ19 ዓመቱ የሚመለስ ሲመስለው ነው። 1999 ከ2018 ጋር አንድ መጥቅዕ አለው፤ መስከረም 18 ግን ሐሙስ ስለዋለ ተውሳኩ 3 ሆነ፣ ፋሲካም መጋቢት 30 ዋለ። ሌላው ስሕተት ለ19 ሲካፈል ምንም ካልተረፈ ወንበሩን ዜሮ ማድረግ ነው፤ መደቡ 19 ስለሆነ ወንበሩ 18 ነው።

ዙሩ በቁጥር ፍጹም ይሁን እንጂ ሰማዩ ጥቂት ይቀድመዋል። በ194,313 ቀን ውስጥ 6,580 የጨረቃ ወራት ይቆጠራሉ፤ እውነተኛዎቹ ወራት 1.7 ቀን ያህል ቀድመው ይሞላሉ። ፀሐይም 532 ዓመቷን ከአራት ቀን በላይ ቀድማ ትጨርሳለች።