ጥብሱ አልኮሉን ይመጥጠዋል እንዴ?

ፒያሳ ድራፍት ልንጠጣ ስንቀመጥ ሁሌ አንዱ "ቆይ ጥብስ ይምጣ፣ አልኮሉን ይመጥጠዋል" ይላል። አይመጥጠውም ባካችሁ፣ ጥብስ ስፖንጅ አይደለም ሃሃ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አልኮል ወደ ደም በብዛት የሚገባው ከጨጓራ ሳይሆን ከትንሹ አንጀት ነው፣ ምግብ ካለ ደሞ የጨጓራው መውጫ ጥብቅ ይልና ምግቡ እስኪፈጭ ድራፍቱንም አብሮ ያቆየዋል፣ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው፣ ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው መጠን እንደ ባዶ ሆድ ባንዴ አይወጣም። የጾም ቀን ሽሮም ይሰራል፣ ጥብስ ብቻ አይደለም። ግን ከሰከሩ በኋላ ለሊት 8 ሰዓት ላይ ፍርፍር ማዘዝ ብዙም አይረዳም፣ አልኮሉ አልፎ ሄዷል፣ የቀረው የጉበት ስራ ነው፣ እሱን ደሞ ቡናም ሻወርም አያፈጥነውም።